የአብዲ ቱርክ የሙሽራ መሸኛ

ድሬዳዋ ላይ አብዲራሺድ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ አብዲ ቱርክ ነው። ቱርክ አገር በየት በኩል እንደሆነች ቢጠየቅ በባቡር ጣቢያው ይጠቁም በሳቢያን ሰፈር እሱም አያውቀው፤ እግሩ ከጅቡቲ አልፎ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት አንድ ዘፈን ነው። ልጅ ሳለ፣ አክስቱ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ልብስና ሽቶ በምታመጣበት ዘመን፣ ከሽርጦቿ መሃል ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ወደቀ። ቴፕ ውስጥ ከተቱት። አንድ ሰው ብቻውን በቀስታ እየዘፈነ ይጠይቃል፤ ብዙ ሕዝብ ባንድ ድምፅ «አያክታ» ብሎ ይመልስለታል። ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግሞ «አያክታ»። አብዲ ካሴቱ እስኪበጠስ ሰማው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ያዘው። የያዘውን አንዱንም ቃል ግን አልተረዳውም።

ይሄ ለድሬ ሰው ችግር ሆኖ አያውቅም። እዚህ ከተማ አንድ ሠርግ በሶማሊኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይደምቃል፣ በሐረሪ ይጨፈርበታል፣ በዐረብኛ ይመረቃል፤ መሃል ላይ ሕንድኛ ቢገባ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ዜማው ካማረ ስለ ትርጉሙ ዘፋኙ ይጨነቅ። አብዲ ገና በጎረምሳነቱ፣ የመጀመሪያ ሠርጉ ላይ ያን ዘፈን በኦርጋን ሲያወርደው፣ አንዲት የሙሽራዋ አክስት ጠጋ ብላ፣ «ምንድነው የሚለው፣ አቦ?» አለችው። አላውቅም ማለት ሙያውን ማዋረድ መሰለው።

«ሙሽራይቱን እንዴት አያችኋት ነው የሚለው» አላት።

«አያክታስ?»

«አበባ መስላ።»

በቃ፣ ተነዛ። ከዚያ ወዲህ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ አብዲ ይጠይቃል፣ ዳስ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ «አያክታ» ይላል። ከገንደ ቆሬ እስከ ለገሃሬ፣ በእሱ ዘፈን ያልተሸኘች ሙሽራ ተሸኘች አይባልም ነበር። ሠላሳ ዓመት እንጀራውን የበላው በዚህ ነው፤ አንድም ቀን ውሸቱ ጎርብጦት አያውቅም።

ልጁን ኢዲልንም ያስተኛት በዚሁ ነው፤ ሌላ እሹሩሩ አያውቅም። እሱ እየጠየቀ ሲያወዛውዛት ሚስቱ ሙልኪ ከጓዳ «አያክታ» ትመልሳለች። ኢዲል አፍ ስትፈታ ከመጀመሪያዎቹ ቃሎቿ አንዱ ይኸው ነበር። ከእሷ በፊት የተወለዱት አልበረከቱም፤ ከእሷም በኋላ አልመጣም። ሁለቱ ሰዎች ዓይናቸውን የጣሉት በእሷ ላይ ብቻ ነበር።

ኢዲል አድጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የካልሲ ፋብሪካ ገባች። ዝም ማለት የማይሆንላት ልጅ ነበረች። ባለፈው በጋ፣ ድሬ እንደምታውቋት ሆና በምትነድበት ወር፣ ፋብሪካው ክሩን ያበላሻል ብሎ የአየር ማራገቢያዎቹን አጠፋ። ሴቶቹ በየማሽናቸው ሥር ይወድቁ ጀመር። ኢዲል የቢሮውን በር አንኳኳች፤ ነገ ነይ አሏት። በማግሥቱ ሄደች፤ ነገ ነይ አሏት። ጎኗ የነበረችው ልጅ ራሷን ስታ አፍንጫዋ ሲደማ ግን ኢዲል ማሽኗን አጥፍታ ወጣች። የእሷ መስመር ሴቶች ተከተሏት፤ በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ማራገቢያው ካልበራ ጭነት አይወጣም አሉ። ካልሲ የጫነው መኪና ሞተሩን አስነሳ። ሴቶቹ ተበተኑ፤ ኢዲል ሞተች።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የአብዲን እንቅልፍ የነሳው። ሾፌሩና ዘበኞቹ፣ ስትሸሽ አዳልጧት ጎማው ሥር ገባች አሉ። ነገሩ የመኪና አደጋ ተባለ፤ የሾፌሩ ዘመዶችም ወግ ነውና ሽማግሌ ላኩ። የሽማግሌዎቹ ዋና ሐጂ ነጅሙዲን ናቸው፤ ብዙ ደም ያደረቁ፣ ሰፈር የሚሰማቸው ሰው። አብዲን አስጠርተው ነገሩን እንደ ውሃ አጠሩለት።

«አዳልጧት ከሆነ የአላህ ነገር ነው፤ ይቅር ትላለህ፣ ፋቲሓ ይቀራል፣ ያልቃል» አሉት። «ቆማ ሳለች ከሆነ ግን ዓይኗን እያየ ነው የሄደባት፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ እኛም በዝምታ አናልፈውም። ያየ ሰው አምጣ። አንድ ሰው ይበቃናል።»

ለሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀጣጠሩ። የማሳረጊያው ዱዓ፣ ፋቲሓ፣ አንዴ ከተቀራ ደግሞ ጉዳዩን ዳግም ያነሳ ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ ሰላምታ እንኳ ይቀርበታል። ኢዲል ሸሽታ የወደቀች ሆና ለዘላለም ትቀራለች ማለት ነው።

አብዲ ያችን ሳምንት ከደጅ ደጅ ሲንከራተት ከረመ። አንዷ ፊቴን አዙሬ ነበር አለችው። ሌላዋ ላብ ዓይኔ ገብቶ ነበር አለች። አንዷ ደግሞ በሩን ሳትከፍት፣ «ልጆች አሉኝ፣ አዴር» አለችው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። በመጀመሪያ አዘነላቸው፤ እነሱም የሚበሉት ከዚያው ፋብሪካ ነው። ቆይቶ ግን ንዴት ያዘው፤ ከንዴቱ በኋላ የመጣው የባሰ ነበር። ሰው ሁሉ አይቶ ማንም አላየም ሲባል፣ እሱ ራሱ ልጁ በእርግጥ ሸሽታ ይሆን እንዴ ብሎ መጠራጠር ጀመረ። ይህን ለሙልኪ አልነገራትም፤ ለራሱም ሊሰማው አልፈለገም።

የቀረችው ኑርሀን ነበረች። ከቁርአን ቤት ጀምሮ የኢዲል ጓደኛ ናት፤ ያን ቀን በር ላይ የኢዲልን ቀኝ እጅ የያዘችውም እሷ ነበረች። ግን ኑርሀን ሙሽራ ሆናለች፤ ጅቡቲ ያለ ነጋዴ ሊወስዳት ነው። ሙሽራ ደግሞ ሠርጓ እስኪደርስ ከቤት አትወጣም፣ በፊቷም ለቅሶ አይነሳም፤ ገድ ያበላሻል ይባላል። እናቷ ፋዱሞ አብዲን ከግቢው በር አላሳለፈችውም።

«ዋላሎ፣ ወንድሜ» አለችው፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «ሙሽራ ፊት ሞት አይወራም። አንተ ታውቃለህ። ወላሂ እለፈን።» በሩንም ሳታጮኸው ዘጋችው።

ያኔ ኡስታ ከማል ትዝ አለው። ኡስታ ከማል የፋብሪካውን ማሽኖች የሚጠግን ቱርክ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዛፍ የተከበበ አሮጌ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። አማርኛውን የለቀመው ከሴት ሠራተኞቹ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው፤ ከተማው በዚህ ብዙ ስቆበታል። አብዲ ሲደርስ ሰውየው ሻንጣ እየዘጋ ነበር።

«አየሁ አልልሽም፣ አላየሁም አልልሽም» አለው፣ አብዲ የመጣበትን ገና ሳይጨርስ። «ሥራ ለቅቄአለሁ። ነገ አውሮፕላን አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ በእነሱ እጅ ነው፤ አፌን ብከፍት ከዚህ አገር አያስወጡኝም። እኔ ፈሪ ነኝ አብዲ፤ ይሄን ልደብቅሽ አልችልም።»

አብዲ የሚለምንበት ቃል አልቆበት ነበር። ወደ በሩ ዞረ።

«ቆዪ» አለው ከማል። «ያቺ ሠርግ ላይ የምትዘፍኛት። ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?»

«ሙሽራይቱን እንዴት . . .» ብሎ አብዲ መጨረስ አቃተው። የሰውየው ፊት አስደነገጠው።

«ሙሽራ የለባትም» አለ ከማል፤ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። «አንድ ልጅ ነበር፣ ተማሪ። የድንጋይ ከሰል ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ሆኖ መብታችሁን ጠይቁ እያለ አደባባይ አወጣቸው። እዚያው አደባባይ ተኩሰው ገደሉት። እናቱ ከገጠር መጣች። ማን ገደለው ብላ አልጠየቀችም፤ ያን ታውቃለች። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ልጄ ሲመታ እንዴት ነበር? እየሸሸ ነበር? ተንበርክኮ ነበር? ሁሉም አይተዋል። ሁሉም ፈርተዋል። ማንም አልመለሰላትም፤ እንደጠየቀች ሞተች። ዘፈኑን ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለልጁ ያወጡት ይመስላል፤ አይደለም። አፍረው ነው። ያን ቀን ያልመለሱላትን አሁን ይመልሱላታል። አያክታ ማለት ቆሞ ነው። በእግሩ ቆሞ።»

ከማል ትንፋሹን ሰበሰበ። «አባቴ መስኮት ዘግቶ ነበር የሚዘፍናት። እዚህ አገር ስትጨበጨብ ስሰማ አበድኩ ብዬ ነበር።»

አብዲ ግድግዳውን ተደገፈ። መጀመሪያ የታዩት ሙሽሮቹ ናቸው። የከተማውን ሴት ልጆች ሁሉ በሙሾ ሲሸኝ መኖሩን ሲያስብ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀው ነበር። ቀጥሎ የታየችው ግን ሙሽራ አልነበረችም። ኢዲል። ልጁን ገና ጥርስ ሳታወጣ በተገደለ ሰው ሙሾ አስተኝቷታል፤ ሌሊት ሌሊት እያወዛወዘ ሞቷን የጠራው እሱ ራሱ መሰለው። ስህተት ነው ቢሉትም የሚሰማ አልነበረም። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆመ።

«ኢዲል ታውቅ ነበር» አለው ከማል ቀስ ብሎ።

አብዲ እጁን ከፊቱ አነሳ።

«ሥራ የገባች ሰሞን ማሽኔ ሥር መጥታ ዘፈነችልኝ፣ አንድም ሳታጎድል። ምን ማለት ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። ክር ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አባቴ በዚህ ነው ያሳደገኝ አለች። እንዳትነግረው፣ ሠርግ ላይ መዝፈን ያቅተዋል አለችኝ። ለጓደኞቿ ግን ነገረቻቸው። ማሽኑ ሲጮህ አብረው ይዘፍኗት ነበር።»

አብዲ ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። ባጃጁ ላይ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው። ሴቶቹ ትርጉሙን ያውቁታል። በር በር እየሄደ ሲጠይቃቸው፣ ያቺን የገጠር እናት እያዩ ነበር በሩን የዘጉበት።

ቤቱ ሲደርስ ፋዱሞ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሙልኪ ጀርባዋን ሰጥታት ቧንቧው ሥር ጀሪካን ትሞላለች፤ ከሰሞኑ ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጥቷል።

«ኑርሀን አብዲ ካልሸኘኝ አልወጣም አለች» አለች ፋዱሞ፣ ማንንም ሳታይ። «ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ያቺን ዘፈን ካልሆነ አልንቀሳቀስም ነው የምትለው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሠርግ አይጠራም ብያታለሁ፣ ነውሩ የእኔ አይደለም።» መልስ ሳትጠብቅ ተነሥታ ሄደች።

አብዲ ለሙልኪ ሁሉንም ነገራት። ጥርጣሬውን ሳይቀር። ጀሪካኑ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ ሙልኪ እያየችው አልዘጋችውም።

«እኔም ከጓዳ ሆኜ ስመልስልህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንተ ብቻህን አይደለህም ሞት የጠራህባት፣ ጠርተህ ከሆነ።» ቧንቧውን ዘጋች። «ሂድ። ጠይቃት።»

«ሙሽራ ፊት ለቅሶ ላነሳ?»

«ሠላሳ ዓመት ስታለቅስባቸው ኖረህ የለም እንዴ። አንዷ ምን ልዩ ያደርጋታል።» ሙልኪ ይህን ስትል አልሳቀችም። ገብታ ነጭ ሸሚዙን አወጣችና መተኮስ ጀመረች።

ሠርጉ ሐሙስ ከዐሱር ሶላት በኋላ ነበር። ፋዱሞ በር ላይ የተጣለው ዳስ ከአጥር አጥር ሞልቶ ሰው መንገዱ ላይ ቆሟል። ኑርሀን በአበባ በተሸለመ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ፣ በሂና ያጌጡ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የፋብሪካው ሴቶች አንድ ጥግ ላይ አብረው ናቸው፤ አብዲ ኦርጋኑን ሲዘረጋ ሲያዩ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሰዓቱ ደረሰ። ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ተሰነጠቀ፤ ሕዝቡ ከሐዘኑ ነው ብሎ አዘነለትና የበለጠ አጨበጨበለት። ጠየቀ። «አያክታ» አለ ዳሱ። ደግሞ ጠየቀ። «አያክታ» አለ ዳሱ፣ መንገድ ላይ የቆሙትም ጭምር። አብዲ ጥጉን ያይ ነበር። የማያውቁት ሁሉ ይመልሳሉ፤ የሚያውቁት ሴቶች አፋቸው ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ልጁን በቀበረበት ቀን እንኳ አልተሰማውም።

ሦስተኛው ላይ ቱርክኛውን ተወው። በዚያው ዜማ በአማርኛ ጠየቀ፤ «ኢዲል ስትሞት እንዴት ነበረች?»

ግማሹ ሰው ልማድ ሆኖበት «አያክታ» ብሎ ጮኸ። ግማሹ መሃል ላይ ቀረ። ጭብጨባው ተዘበራረቀ፤ አንድ ሰው ሳቀ። ፋዱሞ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኑርሀን ተነሥታ ቆመች።

ሙሽራ አጎቷ መጥቶ እጇን ሳይዝ ከወንበሯ አትነሣም፤ አይታወቅም። እሷ ግን ብቻዋን ተነሣች። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ተንሸራተተ። ቀና ብላ አብዲን አየችው፣ ቀኝ እጇን ሰው እንደያዛት አድርጋ ወደ ጎን ዘረጋች፣ እንደዚያው ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም። አብዲ ጣቱ አንድ ቁልፍ ላይ ቀርቶ ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ብቻ ሲያወጣ ይሰማዋል።

ፋዱሞ እልልታዋን ለቀቀችው። የፍርሃት እልልታ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ተቀበሏት፣ ከበሮ ተመታ፣ አጎቷ ሮጦ መጥቶ የተዘረጋውን እጅ ያዘው። «ሙሽራይቱ ቸኮለች» እያሉ ሰዎች ሳቁ። መኪናው ውስጥ አስገቧት፤ ጡሩንባው እየጮኸ በጅቡቲ መንገድ ወሰዷት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያየውን ያወቀ አብዲ ብቻ ነበር፤ ጥግ ያሉት ሴቶችም ያውቁት ነበር፣ እነሱ ደግሞ አላየንም ባዮች ናቸው።

ማታ ሙልኪ በር ላይ ጠብቃው፣ «መለሰችልህ?» አለችው።

«ቆመች» አላት። ሙልኪ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ኢዲል ከተቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሐጂ ነጅሙዲን ግቢ፣ ዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ ተሰበሰቡ። በሐጂ ሸንጎ ደንቡ የታወቀ ነው፤ የሚናገር ሰው ቆሞ ይናገራል፣ የተስማማ ሰው ይቀመጣል፤ ባለጉዳይ ቆሞ ሳለ ፋቲሓ አይቀራም። ሾፌሩም መጥቷል። ከሲታ፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ የተበላ ሰው ነው፤ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሣም።

«ሰው አመጣህ ወይ?» አሉት ሐጂ።

አብዲ ተነሣ። «አላመጣሁም።»

«ያየ አላገኘህም?»

«አግኝቼ ነበር። ሄደች።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም አላለችኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል እንግዲህ አብዲ፣ አላህ ያጽናህ። ቁጭ በል፤ እንዝጋው። እሷም ትረፍ፣ አንተም ረፍ።» እጃቸውን ለፋቲሓ ዘረጉ። ሁሉም ዘረጉ። ሾፌሩም ዘረጋ።

አብዲ ለመቀመጥ አስቦ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ደክሞታል። ምስክር የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ከእንግዲህ የሚዘፍነው ዘፈንም የለውም። ከዚህ ተነሥቶ በሰላም የሚሄድበት ሰፈር እንዳይቀርበት ፈራ። ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል ግን የቱርኳን እናት አሰበ፤ ከተማውን ሁሉ ጠይቃ ያልጠየቀችው አንድ ሰው እንደነበር ትዝ አለው።

ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«አንተ ንገረኝ» አለው። ድምፁ ጮክ አላለም። «ከላይ ሆነህ ታያት ነበር። ልጄ እንዴት ነበረች?»

ሐጂ፣ «ቁጭ በል አብዲ» አሉ፣ እጃቸውን እንደዘረጉ። አንዱ ሽማግሌ የሸሚዙን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ሳበው። አብዲ አልተቀመጠም።

ሾፌሩ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ የቆመውን ሰው አየ። ከዚያ ለፋቲሓ የዘረጋቸውን ሁለት እጆቹን ቀስ አድርጎ አጠፋቸውና ጉልበቱ ላይ መለሳቸው።